መፍቻው ያለው ማን ጋ ነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከጎንደር ነው የመጣው። ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ ሰው የሚያስታውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

«ጋሼ እንዴት ሰነበቱ። የ31 ዓመት ወንድ ነኝ፣ ስራዬ ማስተማር ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ጓደኛ አለኝ፣ አሁን ባህር ዳር ነው የሚኖረው፣ ሳይክል ላይ ነው የሚውለው ማለት ይቻላል። ልጅ ሆነን ያስተማሩን መምህራችን ኩላሊታቸውን ታመው በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) ያደርጋሉ። ለሳቸው ገንዘብ ለማሰባሰብ ከጎንደር ባህር ዳር በሳይክል እንሂድ፣ ሰው በኪሎ ሜትር ይክፈል አለኝ፣ ስሜት ውስጥ ገብቼ እሺ አልኩት። በማግስቱ ፎቷችንን ለጥፎ ‹ጎንደር–ባህር ዳር በአንድ ቀን!› ብሎ ለቀቀው። ወደ 60 ሰው ቃል ገብቷል፣ አብዛኛው በኪሎ ሜትር 10 ብር። እኔ ሳይክል ከነካሁ 8 ዓመት ሊሆነኝ ነው። ባለፈው እሁድ ተውሼ አዘዞ ወርጄ ስመለስ ግማሹን እየገፋሁ ነው የወጣሁት። ለሱ አልነገርኩትም። ሲደውል ‹ልምምድ እንዴት ነው?› ይለኛል፣ ‹አሪፍ ነው› እለዋለሁ። ቀኑ 7 ሳምንት ቀርቶታል። እናቴ ደሞ ከሰማች ጀምሮ መኪና ይገጭሃል እያለች ታለቅሳለች። ልቅር? ብቀር በመምህራችን ጨከነ አልባልም? ብሄድ ደሞ ጓደኛዬን መንገድ ላይ ባዋርደውስ? እየገፋ የወጣው ነኝ።»

ወንድሜ፣ እንኳን ገፋህ። ስምንት ዓመት ሳይክል ያልነካ ሰው ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ ሳልወርድ ወጣሁ ካለህ ወይ ይዋሻል ወይ የሆነ አይሱዙ ጭራ ይዞ ነው የመጣው። እኔ ራሴ አራት ዓመት ባህር ዳር እየኖርኩ ስራ በሳይክል ተመላልሼ፣ እግሬ ብረት ሆኗል ብዬ እየተኮፈስኩ ወደ ሀገሬ ጎንደር ስመለስ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከማራኪ ወደ ላይ ስወጣ አንዲት ጄሪካን የተሸከመች ልጅ በእግሯ አልፋኝ ሄዳለች፣ ዞር ብላም «አይዞህ ጋሼ» አለችኝ፣ ያኔ ደሞ ጋሼ የሚያስብል ዕድሜ ላይ እንኳን አልነበርኩም። ባህር ዳር ሜዳ ነው፣ ዘንባባው ስር ተማሪውም ነርሷም ገበያ የምትወጣዋም ሳይክል ላይ ናቸው፣ እዛ ሳይክል ማለት እንደ ጫማ ነው። አፄ ፋሲል ግን በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ስለኛ ጉልበት ያሰቡ አይመስለኝም። ስለዚህ አንተና ጓደኛህ እኩል አይደላችሁም፣ እሱ በየቀኑ ሲነዳ ነው የከረመው አንተ ጠመኔ ይዘህ ስትቆም፣ ይሄ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ደብዳቤህ ውስጥ እኔን የከበደኝ «አሪፍ ነው» የምትለዋ ናት። እሷን ሳነብ ሆዴ ነው የተገለበጠው፣ ለምን እንደሆነ ላጫውትህ።

ያኔ ባህር ዳር እያለሁ አንድ የልብ ጓደኛ ነበረኝ፣ አሁንም አለኝ፣ ስሙን አልጠራም ይሄን ዓምድ ያነባል። ጥምቀትን ጎንደር እናክብርና ስንመለስ በሳይክል እንምጣ ተባባልን፣ ሳይክሎቹን አውቶቡስ ላይ ጭነን መጣን። እሱ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጨፍር ነው የከረመው፣ የቃና ዘገሊላ ለት ሚካኤልን ሸኝቶ ሲመጣ ድምፁ ራሱ ጠፍቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልንነሳ ስንል «ደክሞሃል እንዴ?» አልኩት። «ኧረ ምንም አልል» አለኝ። ተነሳን። አዘዞን ማክሰኝትን እየተጨዋወትን አለፍን፣ እንፍራንዝ ቁርስ በላን፣ ከዛ በኋላ ወደ አዲስ ዘመን ስትሄድ ያለው ዳገት መጣ። እኔ ቀደምኩ። «ጫፉ ላይ እጠብቅሃለሁ» አልኩት፣ በእውነት ልጠብቀው አስቤ ነበር፣ ግን ጫፉ ላይ ስደርስ ንፋሱ ደስ አለኝ ቁልቁለቱ ጠራኝ፣ ወረድኩ በቃ። አዲስ ዘመን ገብቼ (ጋዜጣውን ሳይሆን ከተማውን ነው የምልህ) ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። አንድ ሻይ፣ ሁለት ሻይ፣ ሦስተኛው ላይ ሆዴ ይጨነቅ ጀመር። ሰዓት ተኩል አለፈ። ሳይክሌን አዙሬ ልመለስ ስል አንድ አይሱዙ የሽንኩርት ጆንያ ጭኖ መጣ፣ ጆንያው ላይ ሳይክሉ ተጋድሟል፣ እሱ ደሞ አጠገቡ ቁጭ ብሏል፣ እጁ እስከ አንጓው ድረስ በግራሶ ጥቁር ሆኗል፣ በእጁ ፌስታል ይዟል። ፌስታሉ ውስጥ ሰንሰለቱ ነው። ዳገቱ መሀል ላይ ተበጥሶበት። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «መፍቻው አንተ ጋ ነው ያለው» አለኝ፣ ሌላ ምንም አላለም። ሾፌሩ ሻዩን ጠጥቶ ሲነሳ አብሮት ሄደ። እኔ የፎገራን ሜዳ ብቻዬን ነዳሁት፣ እንደዛ ረጅም ሜዳ አይቼ አላውቅም።

ስምንት ወር ተኮራረፍን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለው ስለ ሳይክል ሰንሰለት ሽምግልና ሲያዩ አስበው፣ አንደኛው መሀል ላይ ሳቃቸው እየመጣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉ ነበር። እዛ ላይ ነው ነገሩ የወጣው። እሱ ከእንፍራንዝ በፊት ጀምሮ ጉልበቱን እያመመው ነበር፣ ይስቅብኛል ብሎ ነው ያልነገረኝ። እኔም ብሆን እንደደከመው አውቅ ነበር፣ ትንፋሹ ይሰማኛል እኮ፣ ግን «ምንም አልል» ብሎኛልና እሱን ይዤ ፈረጠጥኩ። ቃሉ ለኔ ፈቃድ ሆነችኝ። አንተም አሁን በስልክ ለጓደኛህ እየሰጠኸው ያለኸው እንደዛ ያለች ፈቃድ ናት፣ በአንድ ቀን ብሎ የለጠፈውን እስካሁን ያላነሳው አንተ አሪፍ ነው እያልከው ነው፣ ነገ ዳገት ላይ ጥሎህ ቢሄድ በምን ትወቅሰዋለህ?

ስለዚህ ሂድ ወይ ቅር ከማለቴ በፊት ዛሬ ማታ ደውልለት። በቴክስት እንዳታደርገው፣ ቴክስት ላይ ይሉኝታ ይገባና ስታሳምር ስታሳምር መልእክቱ ይጠፋል። እንዲህ በለው፦ «ስማ፣ እሁድ አዘዞ ወርጄ ስመለስ ግማሹን እየገፋሁ ነው የወጣሁት። መሄድ እፈልጋለሁ። በአንድ ቀን ግን አልችልም፣ ሁለት ቀን እናድርገው፣ ፍጥነቱም የኔ ይሁን።» ከዛ ዝም በል። አትቀልድበት፣ ይቅርታ አታብዛ፣ እሱ ይናገር። እኔ እንደምገምተው «እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር» ነው የሚልህ፣ ሰው በየሳምንቱ እየደወለ ልምምድ እንዴት ነው የሚለው ለጨዋታ ብቻ አይደለም።

«ኧረ እጎትትሃለሁ፣ በአንድ ቀን እንገባለን» ካለህ ደሞ ሂሳቡን አሳየው። መንገዱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። አንተ ከሰባት ሳምንት ልምምድ በኋላ ዳገትና ቁልቁለቱ ተደማምሮ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትነዳ ጎበዝ ነህ። 180 ለ15 ሲካፈል 12 ሰዓት ነው። እኛ ሀገር ፀሐይ የምትቆየው ራሱ 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተህ ማታ 12 ሰዓት የምትገባው ምሳ ሳትበላ፣ ውሃ ሽንት ሳትወርድ፣ ጎማ ሳይተነፍስ፣ አንድ ላም መንገድ ሳትዘጋብህ ነው። ከወረታ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ላሟን ነገር ይስቃል። የፎገራ ከብት አስፋልቱ የሱ ነው፣ ጥሩንባም ደወልም አይሰማም፣ መንጋው አልፎ እስኪያልቅ ቆመህ ታያለህ። በጨለማ ደሞ እዛ መንገድ ላይ በሳይክል መሆን የለም፣ ይሄን አልደራደርበትም፣ መብራት የሌለው ጋሪና ሲኖትራክ በሚተላለፍበት ቦታ። ሁለት ቀን ከሆነ ግን የመጀመሪያው ቀን አዲስ ዘመን ታድራላችሁ፣ ወደ 95 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱን ጨርሰህ ማለት ነው፣ በማግስቱ የሚቀርህ ወደ 85 ሜዳ ነው። «ሰዉ ምን ይላል፣ በአንድ ቀን ብለናል» ካለ፣ 180 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀንም በሁለት ቀንም 180 ነው፣ 10 ብር ያለ ሰው ያው 1,800 ብሩን ነው የሚከፍለው፣ ለፍጥነት የከፈለ የለም። ፖስቱን ራሱ ያስተካክለው፣ አንድ መስመር ነው።

ይሄን ሁሉ ሰምቶ አሻፈረኝ ካለስ? እሱ ብቻውን በአንድ ቀን ይንዳ፣ አንተ ገንዘቡንና ስልኩን ያዝ። የሚነዳ ሰው ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፣ 60 ሰው ላይ እየደወለ የሚሰበስብ፣ የት ደረሰ የሚል፣ መኪና የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል፣ እመነኝ ከመንዳቱ በላይ አድካሚው እሱ ነው። ብቻ ይሄ ውሳኔ ዛሬ ይሁን። ሁለት ቀን ሲቀረው ሆዴን አመመኝ ብለህ ብትቀር ግን ያኔ እኔም እቀየምሃለሁ።

አሁን ደሞ አንተ ያልጠየቅከኝን እኔ ልጠይቅህ። መምህራችሁ ያውቃሉ? ደብዳቤህን ደጋግሜ ፈለግኩት፣ ጓደኛህ እንዲህ አለ፣ ሰው እንዲህ አለ፣ እናትህ አለቀሱ፣ እሳቸው ምን አሉ የሚል አጣሁ። የድሮ መምህር ነው እኮ የምታወራው፣ ክራባት አስረው ጫማቸውን ወልውለው ክፍል የሚገቡ ዓይነት ሰው፣ ስማቸውና ሕመማቸው በየስልኩ ሲዞር ከጎረቤት ቢሰሙት ምን ይሰማቸዋል? ነገ ዛሬ ሳትል ቤታቸው ሂድ፣ ከዲያሊስስ የሚመለሱበትን ቀን አይሁን፣ ደክሟቸው ነው የሚውሉት። ከትልቁ ልጃቸው ጋር ተነጋግረህ ቡና ላይ ቁጭ ብለህ ንገራቸው። እምቢ ካሉ አለቀ፣ በስውር ነው የምትረዷቸው። እሺ ካሉም ስማቸው ይጠራ አይጠራ፣ ፎቷቸው ይውጣ አይውጣ እሳቸው ይወስኑ። ማሽን ላይ ተኝተው የተነሱትን ፎቶ ግን እሺ ቢሉም አትለጥፉ፣ ይሄ የኔ የግል አቋም ነው።

ገንዘቡ ያንተም የጓደኛህም አካውንት ውስጥ እንዳይገባ። የባንክም ይሁን የቴሌብር በእሳቸው ወይ በቤተሰባቸው ስም ይሁን፣ እናንተ የምትይዙት ደብተር ብቻ ነው፦ ማን ቃል ገባ፣ ስንት ገባ፣ መቼ ገባ። 60ውም ሰው 10 ብር ቢል 108,000 ብር ነው፣ ወረቀት ላይ ማለቴ ነው፣ ሰርግም ለቅሶም ያስተባበርክ ከሆነ እንደምታውቀው ቃል የገባ ሁሉ አይከፍልም። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ግማሹን እንዲያስገቡ ጠይቁ፣ ሞቅ ባለበት ጊዜ ነው ሰው እጁ የሚፈታው። ኪሎ ሜትሩ ነገር ደሞ ግልጽ ይሁን፣ ወረታ ላይ ብታቆሙ ወረታ ላይ አቆምን በሉ፣ በግምት 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ የቀረውን ሰው በፈቃዱ ይጨምር እንደሆነ የሱ ነው። እንዴት ልበልህ፣ ዲያሊስስ አንዴ ከፍለህ የምትገላገለው ነገር አይደለም፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ለአራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ነው፣ በዓል የለው ዝናብ የለው። የሰበሰባችሁት ያልቃል። ከ60ው ውስጥ አስር ሰው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ልቀጥል የሚል ብታገኙ ከጉዞው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፣ ይሄን ጥያቄ ባህር ዳር በገባችሁ ማግስት ጠይቁ፣ ፎቶው ትኩስ ሳለ።

እሺ፣ ልምምድ። ሰባት ሳምንት በቂ ነው ካላባከንከው። ከትምህርት ቤት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ ደሞ ረዘም ያለ። ጎንደር ለዚህ የተመቸች ናት፣ ቤትህ ለመግባት ብቻ ዳገት ትወጣለህ። ሁለት ሳምንት አዘዞ ደርሰህ ተመለስ፣ እየገፋህም ቢሆን፣ ግን በየሳምንቱ የምትወርድበትን ቦታ ምልክት ያዝባት፣ ባለፈው ሱቋ ጋ ነበር ዛሬ ግን ዛፏን አለፍኩ እያልክ፣ ያቺ ምልክት ወደ ላይ ስትሄድ ማየት ከማንም ምክር ይበልጣል። ከዛ በየሳምንቱ አስር አስራ አምስት ኪሎ ሜትር እየጨመርክ ማክሰኝት ደርሶ መልስ ላይ ድረስ፣ እሱ 80 ምናምን ነው፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግህም። የመጨረሻውን ሳምንት እረፍ። አንድ ቅዳሜ ጓደኛህ መጥቶ አብራችሁ ንዱ፣ የግድ ነው። ለየብቻ ተለማምዶ መንገድ ላይ መገናኘት ሳይተዋወቁ መጋባት ነው።

ሳይክሏን የተዋስካት ከሆነ ከሴላው ጀምር። እየገፋህ የወጣኸው ግማሹ ሴላው ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው እግሩ መሬት እንዲነካለት ብሎ ዝቅ ያደርገዋል ከዛ ጉልበቱ አገጩ ጋ እየደረሰ ይነዳል። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ፔዳሉ ታች ሲሆን እግርህ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ፍሬን ጎማውን አስቀይር፣ ሰንሰለቱን ጎሚስታ ሳይሆን ሳይክል የሚሰራ ሰው ይይልህ፣ የላላ ከሆነ አስቀይረው፣ እኔ በሰንሰለት ጉዳይ ምን እንደሚሰማኝ ታውቃለህ። ሁለት ካላማዳሪ፣ ማጣበቂያ፣ ፖምፓ፣ መፍቻ። ይሄ ሁሉ የሚቀመጠው ደሞ ኋላ ያለው ሰው ጋ ነው፣ ማለትም አንተ ጋ። ፈጣኑ ሰው ቢበላሽበት ቆሞ ይጠብቅሃል፣ አንተ ቢበላሽብህ ግን እሱን አታገኘውም። ይቺን ሕግ በስምንት ወር ኩርፊያ ነው የገዛኋት፣ አንተ በነፃ ውሰዳት። ስለ መቀመጫህ ደሞ በጨዋ ቋንቋ ልንገርህ፣ ስፌት ያለው ወፍራም ሱሪ አታድርግ፣ ጭንህን ቫዝሊን ተቀባ፣ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ትመርቀኛለህ።

መንገድ ላይ ሜዳው ሲሆን እሱ ይቅደም አንተ ከኋላው ተጠጋ፣ ንፋሱን እሱ ይቀበልልሃል፣ «እጎትትሃለሁ» ያለው እዚህ ላይ እውነት ነው፣ በጣም ይቀላል። ዳገት ላይ ግን አንተ ቅደም። ከፊት ያለው ቀርፋፋው ከሆነ ማንም ማንንም አይጥልም፣ እሱ ቢሰለቸው እንኳን ከኋላህ ሆኖ ይሰልቸው። እንፍራንዝ ላይ በደንብ እረፉ፣ ጊዜ ካላችሁ አሻቅባችሁ የአፄ ሠርፀ ድንግልን የጉዛራ ግንብ እዩ፣ ከፋሲል ግንብ በፊት የተሠራ ነው። ጠላውን ግን አደራ፣ «አንድ ጣሳ ብቻ» ያለ ሰው ዳገቱን ሲወጣ አላየሁም። ከቀትር በፊት ብዙውን ጨርሱ። ረቡዕና ዓርብ አይሁን፣ ጾመህ አትነዳም ጾምህንም አትፈታም፣ ቅዳሜና እሁድ አድርጉት፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ መስቀል አልፎ መንገዱ ከደረቀ በኋላ።

ደኅንነቱን ሳልጠቅስ ባልፍ ትታዘበኛለህ፣ እዚህ ነው የምንኖረው። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፣ ኬላ ላይ ይጠቅማችኋል። ዋናው ግን ዋዜማው ላይ መናኸሪያ ሂዱና ለት በለት የሚመላለሱትን ሾፌሮች ጠይቁ። ሁለት ሾፌር «ተው» ካላችሁ አትሂዱ። ቀኑን መግፋት ካልቻላችሁ ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ መልስ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሁለት ቀን ከፋፍላችሁ ሰባት ጊዜ ከተመላለሳችሁት 180ው ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ሰዉም በዓይኑ ያያችኋል፣ እውነቱን ለመናገር ከባህር ዳሩ ይከብዳል፣ ጓደኛህ ያኔ ነው ጎንደርን የሚያውቃት። አንድ ሚኒባስ ወይ የዘመድ መኪና ቢከተላችሁ ጥሩ፣ ባይሆን በየከተማው የሚደወልለት አንድ ሰው ይኑር፦ ማክሰኝት፣ እንፍራንዝ፣ አዲስ ዘመን፣ ወረታ፣ ሐሙሲት፣ ከዛ በ2016 የተመረቀው የአባይ ድልድይ። 380 ሜትር ነው፣ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ጎን ለጎን ንዱ።

እናትህ። «መኪና ይገጭሃል» ማለታቸው ትክክል ነው እኮ፣ ያ መንገድ ላይ ሚኒባስ እንዴት እንደሚነዳ አይተዋል። «ምንም አልሆንም» አትበላቸው፣ ለጓደኛህ ያልከው ዓይነት ነገር ነው። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ገዝተህ ለብሰህ አሳያቸው፣ ሄልሜቱን ደሞ አድርግና አናትህን እንዲያንኳኩት ስጣቸው። ሳይክል የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉም ከሆነ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ 1949 ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ሳይክል ነጂዎችም እንደነበሩ ንገራቸው፣ ገረመው ደንቦባን የሚያስታውስ የዕድሜ እኩያ አያጡም። ከሁሉ በላይ ግን ስራ ስጣቸው፣ የሚያለቅስ ሰው እጁ ባዶ ሲሆን ነው የሚብስበት። በሶ። ለረጅም መንገድ ከበሶ የሚበልጥ አላገኘሁም፣ በየሱቁ የሚሸጠውን ጣፋጭ ሁሉ ሞክሬያለሁ። ገብሱን እሳቸው ይቁሉት፣ ያስፈጩት፣ በማር ለውሰው በትንንሹ ያድቦልቡልህ፣ የተረፈው በውሃ የሚበጠበጥ ይሁን። ለላቡ ደሞ ለአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡልህ፣ ማንኪያው ሳይቆለል በልኩ። ስኳሩንም ጨዉንም ግን አንተ ቆመህ ለካ፣ እናቶች ስኳሩ ላይ እጃቸው አይያዝም።